ጉሮሮው የተቀደደው ቀልደኛ

«ሆረር ፊልም ላይ ቀልድ ሲገባ ፍርሃቱ ይበላሻል» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እኔ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው ባይ ነኝ፦ በደንብ የሳቀ ተመልካች ነው በደንብ የሚደነግጠው። ይህን ደግሞ ሲኒማ አልፈጠረውም።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1897 ፓሪስ፣ ፒጋል ሰፈር፣ ድሮ ጸሎት ቤት በነበረች ጠባብ አዳራሽ ግራን ጊኞል የሚባል ቴአትር ተከፈተ። በአንድ ምሽት ብዙ አጫጭር ተውኔቶች ይታዩ ነበር። አንዱ ላይ ዓይን ይጎለጎላል፣ ቀጣዩ ሆድ እስኪያም የሚያስቅ ኮሜዲ ነው። ዘዴው ከሙቅና ቀዝቃዛ ሻወር ጋር ይመሳሰል ነበር። ምክንያቱም ሰው ደም ብቻ ሲያይ ካመሸ ይደነዝዛል፤ ሳቅ ግን ቆዳውን መልሶ ያሳሳዋል። ቤቱ በ1962 ተዘጋ።

እዚያ ሳቁና ደሙ ተራ ጠብቀው ነው የሚመጡት። ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ሌላ ጣጣ ነው። ጆን ላንዲስ «አን አሜሪካን ዌርዎልፍ ኢን ለንደን»ን የጻፈው በ1969 ቢሆንም ፊልሙ የወጣው በ1981 ነው። ገንዘብ ያላቸው ሰዎች «ለኮሜዲ በጣም ያስፈራል፣ ለሆረር በጣም ያስቃል» እያሉ ይመልሱት ነበር።

ፊልሙ ላይ ሁለት ጓደኛሞች እንግሊዝ ገጠር ውስጥ በአውሬ ይጠቃሉ። ጃክ ይሞታል፣ ዴቪድ ለንደን ሆስፒታል ይነቃል። አንድ ጠዋት ሟቹ ጃክ ከች ይላል። ጉሮሮው ተቀዷል፣ ቁራጭ ሥጋ አንገቱ ላይ ይወዛወዛል፤ እሱ ግን የዴቪድን ቁርስ እያየ የተጠበሰ ዳቦ ይለምናል፣ የራሱን ቀብር ወሬ ያወራል። እንስቃለን። ወዲያው የመጣበትን ይነግረዋል፦ አንተም አውሬ ትሆናለህ፣ ሰው ሳትገድል ራስህን ግደል። በመጣ ቁጥር ሥጋው ይበልጥ ይበሰብሳል፣ ጨዋታው ግን አይቀንስም። ያንን ቁስል የሠራው ሪክ ቤከር ለሜካፕ በተሰጠው የመጀመሪያ መደበኛ ኦስካር ተሸለመ። ለእኔ ግን ቁስሉን የሚያሳምመው ቀልዱ ነው። ጃክ ስለሚቀልድ ሬሳ አይሆንብንም፤ ያጣነው ጓደኛ ይሆንብናል።

ሳም ሬይሚ በ1987 በወጣው «ኢቭል ዴድ 2» ወደ ሌላ ጫፍ ሄደ። አሽ የገዛ እጁ ሰይጣን ሰፍሮበት ሳህን እያነሳ አናቱን ሲፈጠፍጠው ንጹህ ፌዝ ነው። በኋላ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የአጋዘን ራስ ይስቅበታል፣ የጠረጴዛው መብራት ይስቃል፣ አሽም አብሮ ይስቃል፤ ሳቁ ሳናውቀው ጩኸት ይሆናል። የሰውየው አእምሮ ዓይናችን እያየ ሲሰበር፣ እኛ ገና ጥርሳችንን አልከደንም።

ስለዚህ ሚዛኑ በሊትር አይለካም። ጥያቄው ቀልዱ ከተጎዳው ሰው ጋር ነው ወይስ በላዩ ላይ ነው የሚለው ነው። ለቅሶ ቤት ያመሸ ሰው ይህን ያውቃል፦ ስለ ሟቹ የሚወራ ጨዋታ ድንኳኑን በሳቅ ይሞላዋል፣ ሐዘኑ ግን ንቅንቅ አይልም። ስልካችን ላይ የእውነተኛ ሰው ደም ከሳቂታ ኢሞጂ ጋር በሚያልፍበት ዘመን ይህ ልዩነት ተራ ነገር አይመስለኝም። አንዱ ሳቅ ሰውየውን ያስረሳናል። ጃክ ዳቦ ሲለምን የሚመጣው ሳቅ ግን መራቡንም፣ መሞቱንም ያስታውሰናል።