ስለ «ቋጨ» እና ስለ ቤተ ዘመዶቹ

ከጎንደር በደባርቅ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ገደል ከወረደ በኋላ፥ የደጋው ብርድ እየቀረ አገሩ ወደ ተከዜ ቆላ በሚያዘነብልበት ስፍራ አዲ አርቃይን ያገኛል። «አዲ» በትግርኛ አገር ወይም መንደር ማለት ስለ ሆነ፥ ሁለት ቋንቋዎች የተገናኙበት ቦታ መሆኑን ያገሩ ስም ራሱ ያስረዳል። እኔም በዚያ በሥራ ላይ ሳለሁ አንድ ያማርኛ ቃል ያለ ስፍራው አግብቼ በአንዲት አሮጊት ታረምሁ። የዚያን ቃል ታሪክ እንድከታተል ያነሣሣኝ ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በሁለት ጎረቤታሞች መካከል የቆየ የቦታ ክርክር መዝገቡ እንዲዘጋ ስለ ታዘዘ፥ «ጉዳዩ ተቋጭቷል» የሚል ማስታወቂያ በእጄ ጻፍሁ። ከተከራካሪዎቹ አንደኛዋ ጋቢ በመቋጨት የሚተዳደሩ እናት ነበሩና፥ ወረቀቱ ሲነበብላቸው ጥቂት ዝም ብለው፥ «ልጄ፥ ምኑን ቋጫችሁት? ምስክሬ ሳይሰማ ቆርጣችሁ ጣላችሁት እንጂ!» አሉኝ። አፈርሁ። በማግስቱ ከደጃቸው ሄጄ ሥራቸውን ተቀምጬ ተመለከትሁ።

ሸማኔው ሥራውን ጨርሶ ሸማውን ከዕቃው በሚያወርድበት ጊዜ የድሩ ጫፍ ሳይሸመን ይቀራል። ይህ ትርፍ ክር እንዲሁ ቢተው፥ የመጨረሻው ማግ እየላላ ይወጣል፤ ከርሱም ቀጥሎ ያለው ይከተላል፤ ልብሱም ከዳር ወደ መሐል ይተረተራል። ስለዚህ ቋጪዋ ጥቂት ጥቂት ክር ለይታ ሁለቱን ክፍል በአንድ አቅጣጫ ለየብቻ ታከራቸዋለች፤ ቀጥሎም ሁለቱን አጋጥማ በተቃራኒው አቅጣጫ ትገምዳቸዋለች። እያንዳንዱ ክር ወደ ኋላ ልፈታ ሲል ሌላውን ይበልጥ ያጠብቀዋል። መቋጨት ማለት ይህ ነው። ንግግርን፥ ጉባኤን፥ ክርክርን ቋጨ መባሉም ከዚሁ የመጣ ምሳሌ ነው፤ ቃሉ ቆመ ወይም ተቋረጠ ማለት ሳይሆን፥ የተሠራው እንዳይፈታ ጫፉ ታሰረ ማለት ነው።

ለዚህ ቃል ብዙ ዘመዶች አሉት፤ ነገር ግን አንዱ በሌላው ስፍራ ሁልጊዜ አይገባም። ጥጡን ክር የሚያደርገው ፈተለ ነው። ገመደ ሁለት ወይም ከዚያ የሚበልጥ ክርን አዙሮ አንድ ማድረግ ነው። ታታ የጅራፍና የገመድ ነው። ጎነጎነ ግን ለጠጉርም ለአበባም ይሆናል፤ ባማርኛው ወንጌል የእሾኹ አክሊል የተጎነጎነ ነው። የሚያስገርመው፥ ጎነጎነና ሸረበ ወደ ምሳሌ ሲሸጋገሩ ለክፉ ነገር መዋላቸው ነው፤ ተንኮል ይጎነጎናል፥ ሴራ ይሸረባል እንጂ፥ ዕርቅ ተጎነጎነ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ምናልባት ሰው በጉንጉን ውስጥ የየክሩን መነሻ ለይቶ ማየት ስለሚቸግረው ይሆናል። የሞሰብና የሰፌድ ሥራ ደግሞ ለማያውቀው ሰው ጉንጉን ቢመስለውም፥ ባለሙያዋ «ሰፋሁ» እንጂ «ጎነጎንሁ» አትልም፤ ስሙም ስፌት ነው።

የግዕዙ ፀፈረ መታታት፥ መጎንጎን ማለት ነው። ባማርኛ ፀ ወደ ጠ ተለውጦ ጠፈረ ሆነ፤ ጠፍር አልጋ የምንለውም ከዚሁ ነው። አጠፈም እንደዚሁ ከግዕዙ ዐጸፈ ጋራ አንድ ነው፤ ጸጕር ጠጉር እንደ ሆነ ማለት ነው። ጸን እንደ ያዘ የቀረው አጸፋ የሚለው ቃል ነው፤ የተደረገብንን መልሰን ስናደርግ እጥፍ እናደርገዋለንና።

መተጣጠፍ ባገራችን የልብስን ዓይነት ይለያል። ነጠላ ስሙ እንደሚናገረው ያልተደረበ ነው፤ ኩታ ድርብ ነው፤ ጋቢ አራት ድርብ ነው። የአለባበሱም ሥርዓት ብዙ ስም አለው፤ ማጣፋት፥ መከናነብ፥ በታላቅ ሰው ፊት ደግሞ ማደግደግ። እጥፋትን የሚያውቅ ሰው የጥለቱን አቀማመጥ ከሩቅ አይቶ ኀዘንተኛውን ይለይ ነበር።

ይህ ሁሉ ቃል የተስፋፋው ሸማ ልብስ ብቻ ስላልነበረ ነው። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ በ1762 ዓ.ም. ከምጽዋ ተነሥቶ በዐድዋ አልፎ፥ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር ሲገባ፥ በዐድዋ የሚሠራው ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ባገሩ ሁሉ በብር ፈንታ እንደሚዘዋወር ጽፏል። እንግዲህ የነጋዴው ቅፍለት አሞሌውንና የታጠፈውን ጨርቅ ጭኖ በዚህ በአዲ አርቃይ አውራጎዳና ሲመላለስ፥ የተጫነው ሸቀጥም ገንዘብም ነበር። በጎንደርም እስላሞችና ቤተ እስራኤል በሽመና የታወቁ ነበሩ። ጨርቅ ገንዘብ በሆነበት አገር፥ ጫፉ ያልተቋጨ ሸማ እያደር ከክንዱ የሚጎድል ገንዘብ ነው። «ቃሉን አጠፈ» የሚለውም አነጋገር፥ እንደ መሰለኝ፥ ተዘርግቶ የታየውን ፊት ወደ ውስጥ መመለስን ያመለክታል፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

ዛሬ የመኪና ጨርቅ በዝቷል። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከተቋቋመ ወዲህም ካገር ውስጥ የሚወጣው ጨርቅ በረከተ። የዚህ ጨርቅ ጠርዝ ይዘመዘማል እንጂ አይቋጭም። ስለዚህ የከተማ ልጅ «ቋጨ»ን የሚሰማው ከስብሰባ መሪ አፍ እንጂ ከእናቱ እጅ አይደለም። እኔም እንዲሁ ነበርሁ። መዝገበ ቃላት ያለ ጥርጥር ይረዳል፤ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌንና የደስታ ተክለ ወልድን መጻሕፍት ደጋግሜ ገልጫለሁ፤ በአበገደ ተራ ስለ ተጻፉ ለሀለሐመ ልጆች ትዕግሥትን ይጠይቃሉ። የመቋጨትን ነገር የተረዳሁት ግን ክሩ በመዳፍ ላይ ሲከር ባየሁ ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ አለቃዬን አስፈቅጄ በማስታወቂያው ላይ «ተቋጭቷል» የሚለውን ሰርዤ «ተዘግቷል» ብዬ ጻፍሁ። ምስክሩም ይሰማ ብዬ አመለከትሁ፤ «መዝገቡ ተዘግቷል» የሚል መልስ ተሰጠኝ። አሮጊቷ ይህን ስነግራቸው ክሩን ከመዳፋቸው ሳያወርዱ፥ «አሁን እውነቱን ጻፍህ» አሉኝ።