የተማሪዎች የበጎ ፈቃድ ጉዞ በኪችዋ መንደሮች

የውጭ አገር ተማሪዎች በኢኳዶር የኪችዋ ሕዝብ መንደሮች ከቤተሰብ ጋር እያደሩ በማኅበረሰቡ ሥራ የሚሳተፉበት ጉዞ ነው። የኪችዋ ቋንቋ ከኬችዋ ቋንቋዎች ቤተሰብ ሲሆን፣ የ2008 እ.ኤ.አ. የኢኳዶር ሕገ መንግሥት ከሹዋር ቋንቋ ጋር የባህሎች መገናኛ ይፋዊ ቋንቋ አድርጎታል።

በአማዞን በኩል ባለው የናፖ ግዛት ቀኑ ጎህ ሳይቀድ ይጀምራል። ቤተሰቡ ምድጃውን ከቦ የተፈላ የጓዩሳ ቅጠል በቅል እየተቀባበለ ይጠጣል፤ ሌሊት የታየውንም ሕልም ሽማግሌዎቹ ይፈቱታል። ለእንግዳ የሚቀርበው ቺቻ ከካሳቫ የተጠመቀ ነው፤ አልጠጣም ማለት አስተናጋጇን ያስከፋል። ሥራው በአብዛኛው ሚንጋ ነው፦ እንደ እኛ ደቦ መንደሩ ተጠራርቶ መንገድ የሚጠርግበት፣ ቻክራ የሚባለውን የካሳቫ፣ የሙዝና የካካዎ ማሳ የሚያርምበት።

ክርክር የሚነሳው ተማሪዎቹ በሚሳተፉበት ግንባታ ላይ ነው። ግንብ ሠርቶ የማያውቅ ወጣት ያቆመው ግድግዳ ለመንደሩ ግንበኛ ሁለተኛ ሥራ ይሆናል። የሚሻለው፣ ሥራውን የመንደሩ ጉባኤ ራሱ የሚመርጥበት፣ የማደሪያው ክፍያም ለአስተናጋጅ ቤተሰቦች በየተራ የሚደርስበት ጉዞ ነው።