የአያታችን የግብር ወረቀት



አብዛኞቻችን የገበሬ ልጆችና የልጅ ልጆች መሆናችን የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ስለ አያትህ ተናገር ቢባል ስማቸውንና አገራቸውን ጠርቶ ዝም የማይል ስንቱ ነው? እኛም እንደዚያው ነበርን። በቤታችን ሲነገር የኖረው «አያታችሁ አድአ ውስጥ ግማሽ ጋሻ ርስት ነበራቸው» የሚል ነው። ግማሽ ጋሻ ማለት ወደ 20 ሄክታር ነው። በየለቅሶው ቤት ስናወራው ኖረን፣ እስቲ እውነቱን በማስረጃ እንየው ብለን ተነሣን።

መጀመሪያ የጠየቅነው ሽማግሌ ነው። የጥንት ገበሬ ዕድሜውን የሚቆጥረው በዓመተ ምሕረት ሳይሆን በደረሰበት ነገር ነው። አክስታችን «በሰገሌ ዘመቻ ጊዜ ጥጃ ጠባቂ ነበሩ፤ በኅዳር በሽታ እናታቸውን ቀበሩ» አሉን። ሰገሌ በ1909፣ የኅዳር በሽታ በ1911 ዓ.ም. ስለሆነ፣ የተወለዱት በ1900 ዓ.ም. ግድም መሆኑን ከዚሁ አገኘን።

ቀጥሎ የሴት አያታችን ሣጥን ተከፈተ። አንድ የመሬት ግብር ደረሰኝ ወጣ፤ ቀኑን ግን አይጥ በልቶታል። ታዲያ ዘመኑ በምን ይታወቃል? በውስጡ የትምህርት ግብር አለበት፣ የጤና ግብር የለበትም። የትምህርት ግብር የመጣው በ1940፣ የጤናው በ1951 ዓ.ም. ነውና ወረቀቱ የተቆረጠው በእነዚህ ዓመታት መካከል ነው። መሬቱ «ለም» ተብሏል። በ1937 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ለም መሬት በጋሻ 15 ብር ግብርና ስለ አሥራት 35 ብር ይከፈልበት ነበር።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ ስሙን አየን። ስሙ የአያታችን አይደለም!

ተቀማን እንዴ ብለን አክስታችንን ያዝናቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ልጆቼ፣ እሳቸውማ ጭሰኛ ነበሩ። ባለመሬቱ ከተማ ተቀማጭ ስለነበሩ ግብሩን ተሸክመው የሚሄዱት አያታችሁ ናቸው። ይህቺ አንዷ እጃቸው ላይ ቀርታ ነው» አሉን። ባለመሬቶች ለመንግሥት በገንዘብ የሚከፍሉትን አሥራት ከጭሰኛው በእህል ይቀበሉ ነበር። የእኛም ሰው አሥራቱን ከአውድማው ካወጡ በኋላ ከቀረው ጤፍ ሲሶውን ያስረክቡ ነበር።

በቤታችን ጭቅጭቅ ተነሣ። ታላቃችን «ወረቀቱን መልሳችሁ ክተቱት፤ ማን ጠየቃችሁ?» አለ። እኛ ግን የእድራችንን አሮጌ መዝገብ ለማየት ሄድን። አባታችን ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩና በ1964 ዓ.ም. የአባታቸውን መርዶ ሲረዱ የተጻፈው እንዲህ ባጭሩ ነው፤ የአባልነት ቁጥር፣ «አባት»፣ ቀን፣ «ድንኳን ወጥቷል»። እድሩ ሟቹ ባለርስት ናቸው ወይስ ጭሰኛ ብሎ አልጠየቀም። ይህን ስናይ ታላቃችንም ዝም አለ።

ከዚህም ሌላ አንድ ነገር ተገለጠልን። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሆኖ ጭሰኝነት ሲቀር፣ አያታችን ካረፉ ሦስት ዓመት አልፏቸው ነበር። አጎታችን በገበሬ ማኅበር ገብተው ያንኑ ማሳ ያለ ሲሶ አረሱት። እድሜ ልካቸውን ያቀኑት አያታችን ግን ያቺን ቀን አላዩአትም። ርስት ነበራቸው እያልን ስንኮራ ድካማቸውን ረስተነው ኖረናል።

እንግዲህ አባላት ሆይ፣ ሽማግሌዎቻችሁን ዛሬውኑ ጠይቁ፤ አሮጌ ደረሰኝ አትጣሉ። ያገኛችሁትም ነገር ባያኮራችሁ እንኳ እንዳለ ጻፉት። ለልጅ የሚተርፈው እውነቱ ነው እንላለን።