የሥዕልና የቅርፅ ጥበብ ለቁስለኞች ያደረገው እርዳታ

ብዙ ሰዎች ሕክምና የሳይንስ ሥራ፣ ሥዕልና ቅርፅ ግን የመዝናኛ ጉዳይ ነው እያሉ ሁለቱን ለያይተው ያያሉ። እኛም ተማሪዎች ስለ ትምህርት ዓይነት ስንከራከር አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ እናደርጋለን። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ታሪክ ግን ሐኪምና ሠዓሊ በአንድ ቁስለኛ አልጋ አጠገብ እንደ ተገናኙ ያስረዳናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1914 እስከ 1918 በቆየው በዚያ ጦርነት ብዙው ውጊያ የሚደረገው ከምሽግ ውስጥ ስለ ነበረ፣ ወታደሩ አሻግሮ ለማየት ቀና ባለ ጊዜ ለጥይትና ለመድፍ ፍንጣሪ የሚጋለጠው ፊቱ ነበር። ከ1915 ጀምሮ የታደለው የብረት ቆብ የብዙዎችን ሕይወት አተረፈ፤ ነገር ግን ራስን እንጂ ፊትን አይሸፍንም። ስለዚህ ከሞት ተርፈው አፍንጫቸውን ወይም መንጋጋቸውን ያጡ ሰዎች በዙ። እነዚህ ሰዎች ከሕመሙ ይልቅ የሚያስጨንቃቸው ከእናታቸው፣ ከሚስታቸውና ከልጆቻቸው ፊት መቅረብ ነበር።

ይህን መከራ ለማቃለል ከተነሡት ሐኪሞች ዋነኛው በኒው ዚላንድ የተወለደው ሃሮልድ ጊሊስ ነው። በ1916 በእንግሊዝ አገር በአልደርሾት ወታደራዊ ሆስፒታል ሥራውን ጀመረ፤ በ1917 ደግሞ በለንደን አቅራቢያ በሲድከፕ ለዚሁ ሕክምና የተለየ ሆስፒታል ተከፈተ። በዚያም ከ5,000 የሚበልጡ ቁስለኞች ታከሙ። ጊሊስ ከደረት ወይም ከትከሻ ቆዳ ገፍፎ፣ ጫፉን ከሥሩ ሳይለይ እንደ ቱቦ ጠቅልሎ ወደ ተጎዳው ፊት ያዞረው ነበር። ቆዳው ከሥሩ ደም ስለሚያገኝ አይሞትም፤ የተጠቀለለ በመሆኑም በቀላሉ አይመረቅዝም። ፔኒሲሊን ገና ባልተገኘበት ዘመን ይህ ታላቅ ዘዴ ነበር።

ነገር ግን ሐኪሙ ሥራውን ለማቀድና ለሌሎችም ለማስተማር የጉዳቱን መልክ በትክክል የሚያሳይ ሥዕል አስፈለገው። የጊዜው ፎቶግራፍ ጥቁርና ነጭ ስለ ነበረ የሥጋውን ቀለም ለይቶ አያሳይም። ለዚህ ሥራ የተገኘው ሄንሪ ቶንክስ አስቀድሞ ቀዶ ሐኪም የነበረ፣ በኋላም ሕክምናን ትቶ በለንደን በስሌድ የሥዕል ትምህርት ቤት መምህር የሆነ ሰው ነው። ከ1916 ጀምሮ ፓስቴል በሚባል ባለ ቀለም ጠመኔ የቁስለኞቹን ፊት ከሕክምናው በፊትና በኋላ ሣለ። ዓይኑ የሠዓሊ፣ ዕውቀቱ የሐኪም ስለ ነበረ ሥዕሎቹ ለሕክምና ጠቀሙ፤ የሰውዬውንም ሰብአዊነት አልሸሸጉም።

ቀዶ ሕክምና ሊጠግነው ያልቻለ ፊት ሲኖርስ? እዚህ ላይ የቅርፅ ሠሪዎች ተራ ሆነ። ፍራንሲስ ደርዌንት ዉድ የተባለ እንግሊዛዊ ቅርፅ ሠሪ ዕድሜው ለውጊያ ስላለፈ በሆስፒታል ረዳትነት ተቀጠረ፤ በ1916ም በለንደን የፊት ጭምብል የሚሠራበት ክፍል አቋቋመ። አሠራሩ እንዲህ ነበር፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላ በጀሶ የፊቱ ቅርፅ ይወሰዳል፤ ከጦርነቱ በፊት የተነሣውን ፎቶግራፍ በማየት የጎደለው ክፍል በጭቃ ይሞላል፤ ከዚያም በኤሌክትሪክ ኃይል አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ስስ የመዳብ ጭምብል ይወጣለታል። በመጨረሻም በሰውዬው ቆዳ ቀለም ተቀብቶ ብዙውን ጊዜ በመነጽር ይያዛል።

ይህን የሰማች አና ኮልማን ላድ የተባለች አሜሪካዊት ቅርፅ ሠሪ በአሜሪካ ቀይ መስቀል እርዳታ በፓሪስ ተመሳሳይ የሥራ ቤት ከፈተች። ቀለሙን የምትቀባው ወታደሩ ጭምብሉን አጥልቆ ሳለ ነበር፤ በደመናም በፀሐይም ቀን ከቆዳው ጋር እንዲስማማ ትጠነቀቅ ነበር። ፈረንሳይም በ1932 የሌዥዮን ዶኔር ኒሻን ሸለመቻት።

እርግጥ ጭምብሉ ጉድለት ነበረው። አያኝክም፣ አይስቅም፤ ቀለሙም ይላላጣል፤ ባለቤቱ እያረጀ ሲሄድ እርሱ በወጣትነቱ መልክ ይቀራል። ቢሆንም ከቤቱ ለመውጣት ያፍር የነበረውን ሰው ከሰው መካከል ለመቀላቀል አበቃው። ዛሬም ሰው ሠራሽ አፍንጫና ጆሮ ከሲሊኮን ሲሠራ፣ ቀለሙን ከቆዳ ጋር የሚያስማማ የሠለጠነ ዓይን ያስፈልጋል።

እንግዲህ የሐኪሙ ቢላዋና የሠዓሊው ብሩሽ ተረዳድተው ለሰው ክብሩን ለመመለስ ጣሩ። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፣ በላቦራቶሪ የምንውለውም ሆንን በሥዕል ክፍል የምንውለው አንዳችን የሌላውን ትምህርት አንናቅ። ዕውቀት ሁሉ ለተቸገረ ሰው ሲደርስ የሚገናኝበት ቦታ አለውና።