አምሳል፦ «ሩጪ!» ብሎ «ሞትኩ» ለሚል ተጫዋች

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት የባሕር ዳር መኪና እስኪሞላ ቁጭ ብያለሁ። አጠገቤ ሁለት ሊስትሮዎች ሣጥናቸው ላይ ተቀምጠው፣ መስታወቷ የተሰነጠቀ አንዲት ስልክ ላይ ራስ ለራስ ተደፍተዋል። የያዙት ቴምፕል ራን የሚባለውን የሩጫ ጨዋታ ነው። ቀይ ጸጉር ያላት ሴት ከፈራረሰ ቤተ ጣዖት ወጥታ ትሮጣለች፤ ዝንጀሮ መሳይ አውሬዎች ይከተሏታል። ስልኳን የያዘው ልጅ «ሩጪ! ሩጪ! ዝለይ እንጂ!» እያለ በአውራ ጣቱ መስታወቱን ይገፋል። ዝላዩ ዘገየና ሴትዮዋ ገደል ገባች። ልጁ ጭኑን መታና «ኤጭ፣ ሞትኩ!» አለ።

ሻዬን ረስቼ ይህን ስሰማ ቀረሁ። ከአንድ ትንፋሽ በፊት «አንቺ» ነበረች። ገደል ስትገባ «እኔ» ሆነች። «ሞተች» አላለም።

በጨዋታ ውስጥ ተጫዋቹን ሆኖ የሚሮጠው፣ የሚተኩሰው፣ የሚሞተውና እንደገና የሚነሣው አካል በዓለም ላይ አቫታር ይባላል። ቃሉ የሳንስክሪት ነው፤ ትርጉሙም «መውረድ» ማለት ነው። ሂንዱዎች ቪሽኑ የተባለው አምላካቸው አንዴ በዓሣ፣ አንዴ በከርከሮ፣ አንዴ ራማና ክሪሽና በተባሉ ሰዎች መልክ ወደ ምድር ወርዷል ብለው ያምናሉ፤ እያንዳንዱን መውረድ አቫታር ይሉታል። የኮምፒዩተር ጨዋታ ሠሪዎች ቃሉን የተዋሱት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፤ በ1985 በወጣው አልቲማ 4 በተባለ ጨዋታ፣ ወዲያውም በ1986 ሉካስፊልም ባቀረበው ሃቢታት። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው በስክሪን ውስጥ ለራሱ የሚመርጠው አካል ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። የእኛ አገር ሰው ግን ቃሉን በብዛት የሚያውቀው በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣው የጄምስ ካሜሮን ፊልም ስለሆነ፣ «አቫታር» ሲባል ትዝ የሚለው ሰማያዊ ቆዳና ጅራት ነው።

በአማርኛ ምን እንበለው? ብዙ ሰው «ገጸ ባሕርይ» ይላል። ስሕተት አይደለም፤ ግን ይሰፋል። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንሄድ መንገድ ላይ ማንኩሳን እናገኛለን፤ የሐዲስ ዓለማየሁ በዛብህ አገር። በዛብህ ገጸ ባሕርይ ነው። ሆኖም «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ስንቱ አንባቢ «ተው አትሂድ!» ብሎታል? አንድ ጊዜ እንኳ አልሰማም። የልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ለደራሲው ነው የሚታዘዘው። አቫታር የሚታዘዘው ግን ለተጫዋቹ ጣት ነው፤ ከጣቱ ውጭ ሕይወት የለውም።

«ወኪል» የሚሉም አሉ። ትርጉሙ ይቀርባል፤ ሲሰሙት ግን ማኅተምና የውክልና ወረቀት ይሸታል። «ጭንብል» መሸፈኑን ብቻ ነው የሚናገረው። «አምሳያ» ጥሩ ነበር፤ በዕለት ንግግራችን ግን ትርጉሙ ወደ «እኩያ» አድልቷል፤ «አምሳያህን ፈልግ» እንደምንለው። ጎጃም ተቀምጦ ሰምና ወርቅን ሳያነሣ ጽሑፍ የሚጨርስ ሰው ብርቅ ነው። እኔም አንዴ አስቤበት ነበር፤ አቫታሩ ሰም፣ ተጫዋቹ ወርቅ ብዬ። የዋሸራ የቅኔ ተማሪ ሰምቶ እንዳይስቅብኝ ተውኩት።

የቀረኝ «አምሳል» ነው። ከመሰለ የወጣ ነው፤ የምስል፣ የምሳሌና የአምሳያ ወንድም። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሁሉ ያውቀዋል፤ መንፈስ ቅዱስ በዮርዳኖስ «በርግብ አምሳል ወረደ» ሲባል ሰምቷል። ሊቃውንቱ አይቆጡኝ፤ እምነቱን ከጨዋታ ጋር ማደባለቄ አይደለም። ሰዋስዉን ብቻ እዩት። ሳንስክሪቱ መውረድ ይላል፤ የእኛም ቋንቋ «ወረደ» ከሚለው ግሥ ጎን ያስቀመጠው ቃል «አምሳል» ነው። ከዚህ የበለጠ የሚገጥም ትርጉም አላገኘሁም። ስለዚህ የሴት አምሳል፣ የወንድ አምሳል፣ አምሳል መረጠ፣ አምሳሉን ለወጠ እንላለን። ወንድ ሆኖ በሴት፣ ሴት ሆና በወንድ ሲጫወቱ ደግሞ ተቃራኒ አምሳል።

ቃሉ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ ለገጠሩ ልጅ አዲስ አይደለም። ክረምት ሲወጣ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ወንዝ ዳር የዋልካ ጭቃ አቡክተው በሬ ይሠራሉ። ሻኛውን ያሳብጣሉ፤ ቀንዱን በእሾህ ወይም በስንጥር ይተክላሉ፤ አንዱን ቦራ፣ አንዱን ዳለቻ ብለው ይሰይማሉ። ፀሐይ ላይ ከደረቀ በኋላ ግጥሚያ ነው። ሁለት ልጆች በሆዳቸው ተኝተው በሬ ከበሬ ያጋጫሉ። ልብ ብሎ ለሰማ ሰው፣ ቀንድ ሲሰበር «በሬህ ተወጋ» የሚል የለም፤ «ወጋሁህ!» ነው የሚባለው። ጭቃው በልጁ አፍ «እኔ» ሆኗል። ለግጥሚያ ጊደር የሚሠራም አላየሁም። ላምና ጥጃ የሚሠሩት በረቱን ለመሙላት ነው። እዚያ የአምሳሉን ጾታ የሚወስነው የልጁ ጾታ ሳይሆን ጨዋታው የሚፈልገው ሥራ ነው።

ወደ ሻይ ቤቱ ልመለስ። «ለምን ሴቷን መረጥህ?» አልኩት። መጀመሪያ አፈረ። ጓደኛው ቀድሞ «ወንዱ ለሁሉም ይሰጣል፤ እሷ ግን በሳንቲም ናት» አለ። እውነቱን ነው። በዚያ ጨዋታ ከጅምሩ የሚሰጠው ጋይ ዴንጀረስ የተባለው ወንድ ነው። ቀይ ጸጉሯን ስካርሌት ፎክስን ለማግኘት እየሮጡ 10,000 ሳንቲም መልቀም ያስፈልጋል። ልጁ ሴትነቷን ከመምረጡ በፊት ውድነቷን መርጧል፤ ሴት አምሳል ይዞ መታየት «ደርሻለሁ» ማለት ነው። ሰብዌይ ሰርፈርስ የተባለው የሩጫ ጨዋታም በዚሁ መንገድ ይጀምራል፤ ጄክ የሚባለው ጎረምሳ በነጻ፣ ትሪኪ የተባለችው ልጅ ግን ሦስት ኮፍያ ከተለቀመ በኋላ።

በ2015 እ.ኤ.አ. አንዲት የ12 ዓመት አሜሪካዊት ልጅ ይኸው ነገር አናዷት ነበር። ዝነኛ የሆኑ 50 የሩጫ ጨዋታዎችን ስልኳ ላይ ጭና አንድ በአንድ ቆጠረች። ጾታቸው የሚለይ ሯጮች ካሉባቸው ጨዋታዎች 98 በመቶው ወንድ ሯጭ አላቸው፤ ሴት ያላቸው 46 በመቶ ብቻ ናቸው። ወንዱን በነጻ የሚሰጡት 90 በመቶ ሲሆኑ፣ ሴቷን በነጻ የሚሰጡት 15 በመቶ ናቸው። ውጤቱን ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ላይ አወጣችው። እንግዲህ «ለምን ወንድ መረጥህ?» ተብሎ ከመጠየቁ በፊት ምርጫ ነበረው ወይ ማለት ይቀድማል።

ሊስትሮው ኋላ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላውን ምክንያት ነገረኝ። «ቀኑን ሙሉ ጀርባ ጀርባውን ነው የምታየው። የወንድ ጀርባ ከማየት የሷ አይሻልም?» ከኒውዮርክ እስከ ሴኡል ያሉ ጎረምሶችም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ እሱ ግን የቡሬ መንገድ ላይ ሆኖ ማንም ሳያስተምረው ደርሶበታል። እዚህ ላይ አምሳሉ የሚታይ ነገር ነው እንጂ ራስ አይደለም። «ሩጪ!» የሚባለውም ለዚህ ይመስላል።

ይመስላል እንጂ ነው አላልኩም። አማርኛችን ተንኮለኛ ነው። ለሁለተኛና ለሦስተኛ መደብ ነጠላ ጾታን በግድ ያስመርጠናል፤ ሩጥ ወይ ሩጪ፣ ሞተ ወይ ሞተች። አንደኛው መደብ ግን ጾታ የለውም፤ ሴትም ወንድም «ሮጥኩ»፣ «ሞትኩ» ይላሉ። ስለዚህ ልጁ ሴት አምሳል ውስጥ ሲገባ አፉ ምንም አይደናቀፍም፤ «እኔ» የሚለው በር ለሁለቱም እኩል ክፍት ነው። በዚያ ላይ አንስታይ ጾታ ለእኛ የፍቅርና የትንሽነትም ምልክት ነው። ቡናዋን፣ ስልኳን፣ ቤቷን እንላለን። እናት ወንድ ልጇን ስታቆላምጥ «አንቺ» ትለዋለች፤ ሴቷንም «አንተ» ትላታለች። ያ ልጅ ነገ በጄክ ሲጫወት «ሩጪ!» ቢለውም አልደነቅም። ስለዚህ «አንቺ» የሚለውን ብቻ ሰምቶ ስለ ልጁ ልብ መፍረድ አይቻልም። መታየት ያለበት መቼ ወደ «እኔ» እንደሚሻገር ነው። እኔ እንዳየሁት ሲሞትና ሲያሸንፍ ነው።

ቋንቋ በአምሳል መነካቱን ያጠኑም አሉ። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በተባለው የኦንላይን ጨዋታ 375 ያህል ተጫዋቾችን የተከታተለ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከወንዶቹ 23 በመቶው፣ ከሴቶቹ 7 በመቶው ተቃራኒ አምሳል ይዘው እንደተጫወቱ አገኘ። ደስ የሚለው ቀጥሎ ያለው ነው። ሴት አምሳል የያዙት ወንዶች ሲጻጻፉ ቃለ አጋኖና የስሜት ቃላት ያበዛሉ፤ ጽሑፋቸው ወደ ሴቶቹ ጽሑፍ ይጠጋል። እግራቸው ግን አልተለወጠም። እንደ ወንዶቹ ደጋግመው ይዘላሉ፤ ፊታቸውን ሳያዞሩ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ከቡድኑ ራቅ ብለው ይቆማሉ። አብዛኞቹም ሴት መስለው ሰው ለማታለል አልነበረም ሐሳባቸው። ምላስ አምሳሉን ሲመስል እግር ባለቤቱን ይመስላል ማለት ነው።

የሴቶቹ ቁጥር ማነሱ ሊያሳስት ይችላል። አንዲት የቡሬ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በወንድሟ ስልክ ላይ ስትጫወት የምትይዘው ጢም ያለው ወታደር ነው። ምክንያቷ አጭር ነው፦ «በሴት ከገባሁ አያጫውቱኝም፤ ወሬ ብቻ።» በኦንላይን ጨዋታ ድምፅ ይሰማል፤ የማያውቋት ወንዶች ስሟን፣ ቁጥሯን፣ ያለችበትን ይጠይቃሉ፤ ካልመለሰች ይሰድባሉ። ድምፁን ታጠፋለች፤ ጢሙን ታደርጋለች፤ በሰላም ትተኩሳለች። ለሊስትሮው አምሳል ጌጥ ነበር፤ ለእሷ አጥር ነው። ፌስቡክ ላይ በሴት ስም ከፍቶ «ካርድ ላክልኝ» የሚለው ጎረምሳ ከዚህ በተቃራኒው ይሄዳል፤ እሱ የሴትን አምሳል የሚለብሰው ሴት ስትሆን የሚሰጣትን ለመቀበል ነው፤ የሚደርስባትን ግን ለሷ ይተወዋል። ይህን ጨዋታ ብዬ ለመጥራት ይከብደኛል።

አምሳል ሰውየውንም መልሶ ይነካዋል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ኒክ ዪና ጄረሚ ቤይለንሰን በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ ለአንዳንዱ ሰው ረጅም፣ ለአንዳንዱ አጭር አምሳል ሰጥተው ገንዘብ እንዲካፈሉ አደረጉ። ረጅሙን የያዙት ለራሳቸው አብልጠው ያዙ፤ አጭሩን የያዙት ለማይረባ ድርሻ እሺ አሉ። ባለ ጢሙን ወታደር የያዘችው ልጅ ክፍል ውስጥ እጇን ታወጣ እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ ቢሆን ግን አይገርመኝም።

እነዚህ ሁሉ ልጆች የሚመርጡት ካለው ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ የኦንላይኑ ጨዋታ ሞተ፤ የቀረው በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፈው ነበር። ያኔ አምሳል የሚመረጠው ጓደኛ ስልክ ላይ ከተገኘው ነበር። በፕሌይስቴሽን ቤቶችም ቢሆን ተሸናፊው እየከፈለ የሚጫወቱት ኳስ ስለሆነ ጥያቄው አይነሣም፤ 22ቱም ወንድ ናቸው። እርግጥ ፊፋ 16 የተባለው የኳስ ጨዋታ በ2015 እ.ኤ.አ. 12 የሴቶች ብሔራዊ ቡድኖችን ለመጀመሪያ ጊዜ አስገብቷል፤ የእኛዎቹ ሉሲዎች ከ12ቱ ውስጥ አልነበሩም። በጆይስቲክ ወረፋ ላይ የሴት ቡድን ሲመረጥ እስካሁን አላየሁም።

የአገራችን ጨዋታ ሠሪዎች ደግሞ ከጾታ ጥያቄው በአንድ መንገድ አምልጠዋል። የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ ኩኩሉ ብሎ ያወጣው ጨዋታ ላይ ከገበሬ የምታመልጠው ዶሮ ናት። ስሙ ራሱ «ኩኩሉ» ሲባል «አልነጋም» ብለን ከተደበቅንበት ጨዋታ የመጣ ይመስላል። ጎጃም ውስጥ በዓል ሲደርስ ዶሮ ሆኖ መሮጥ ወንድነትም ሴትነትም አይጠይቅም፤ ፍርሃት ብቻ ይበቃል።

መኪናው ሲሞላ ተነሣሁ። ሊስትሮው ስልኳን ለጓደኛው አሳልፎ ሰጥቶ «ተራህ ነው፤ እንዳትገድለኝ» አለው። እዚያ ስክሪን ላይ ያለችው ሴት አሁንም እሱ ነበር።

ይህን ለምትጽፉና ለምታስተምሩ ሁሉ፦ ለአቫታር ከአምሳል የተሻለ ቃል ካላችሁ አውጡት፤ እኔ ቃሌን ለመጣል ዝግጁ ነኝ። እስኪገኝ ግን ልጆቹ ቃል ሳይኖራቸው አይቆዩ፤ አምሳል እንበለው።