የእጅ ትኩረት ሌንስ

የእጅ ትኩረት ሌንስ ማለት ፎቶግራፍ አንሺው በሌንሱ ወገብ ላይ ያለውን ቀለበት በጣቶቹ እያዞረ መስታወቶቹን ከፊልሙ ሲያርቅና ሲያቀርብ፣ ዓይኑን የጣለበት ነገር ከደብዛዛነት ወደ ጥራት የሚመጣበት፣ ለዚህም ሥራ ሞተርም ሆነ ባትሪ የማይፈልግ የካሜራ ሌንስ ነው። በባለሙያዎች ዘንድ «ማንዋል ፎከስ» የሚባለው ይኸው ሲሆን፣ ስያሜው እንዳለ በአማርኛ ቢቀመጥ ግን አንባቢን ወደ ሌላ ነገር ይወስደዋል፤ «ማንዋል» ለአዲስ አበባ ሰው አስቀድሞ ማርሹ በእጅ የሚቀየር መኪናን፣ ለቢሮ ሠራተኛ ደግሞ የአሠራር መመሪያን ያስታውሳልና። «ፎከስ»ን በተመለከተ ቋንቋው ባዶ እጁን አይደለም። «አተኮረ» ከመነሻው የዓይን ግሥ ነው፤ «አተኩሮ አየ» ሲባል ዓይን በፊቱ ካለው ብዙ ነገር አንዱን መርጦ በእርሱ ላይ መርጋቱን ይናገራል፣ ሌንስ የሚሠራውም ከዚህ የተለየ አይደለም። በዚህ ምክንያት «የእጅ ትኩረት» የሚለው አተረጓጎም ተመርጧል፤ «ሌንስ» ግን አማርኛ ከተቀበለው ብዙ ጊዜ ስለሆነው አዲስ ስም አልተፈለገለትም።

በእጅ ትኩረት ሌንስና ራሱ በሚያተኩረው መካከል ያለው የዘመን ድንበር ግልጽ ነው። ኮኒካ በ1977 ያወጣት ሲ 35 ኤኤፍ የተባለች ትንሽ ካሜራ በገፍ ተመርተው ለገበያ ከቀረቡት ራሳቸው አተኳሪ ካሜራዎች የመጀመሪያዋ ስትሆን፣ ሌንሱ በሚቀያየረው ካሜራ ላይ ለውጡ ሥር የሰደደው ግን በ1985 ሚኖልታ 7000 ከወጣ በኋላ ነው፤ እዚህና ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ በፊት የተነሣ የጋዜጣም ሆነ የመንግሥት ፎቶግራፍ፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር፣ በሰው ጣት የተተኮረ ነው።

የዚህ ድንበር ትርጉም በጉልህ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ካምፓላ ነው። ከኮሎሎ ኮረብታ በስተሰሜን ባለው የካምዎክያ ሰፈር ጫፍ፣ በኪራ መንገድ ዳር፣ ጀርመናዊው አርክቴክት ኤርንስት ማይ በነደፈውና በ1954 በተከፈተው ሕንፃ ውስጥ ያለው የኡጋንዳ ሙዚየም፣ በ2019 ከኡጋንዳ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ክምችት የወጡ የኢዲ አሚን ዘመን ፎቶግራፎችን ለሕዝብ አሳይቷል። ለረጅም ጊዜ ተረስቶ የኖረው ይህ ክምችት በ2015 ከተገኘ በኋላ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከኮርፖሬሽኑ ጋር ሆነው ወደ ዲጂታል ሲያዛውሩት፣ ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ የተነሡ ወደ 70,000 የሚጠጉ ኔጋቲቮች እንደያዘ ታወቀ። ክምችቱ የሚያበቃበት ዘመን የእጅ ትኩረት ሌንስ ዘመን ከሚያበቃበት ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ቢሆንም ለሌንስ መርማሪ ትልቅ ነገር ነው፤ በሰልፍ፣ በጉብኝትና በስብሰባ መካከል ሰው ሳይቆምላቸው የተነሡት እነዚያ ሁሉ ምስሎች የተተኮሩት የመንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ቀለበቱን በቅጽበት እያዞሩ መሆኑን ያመለክታልና።

ኔጋቲቩ ሲቀመጥ ሌንሱ አብሮት የሚቀመጠው ከስንት አንዴ ነው። ሌንሱ ራሱ ባይኖርም ግን አንዳንድ ምልክቱን በምስሉ ላይ ጥሎ ያልፋል። በሌንስ ሆድ ውስጥ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ አለ፤ ይህ የብርሃን ቀዳዳ፣ ባለሙያዎች አፐርቸር የሚሉት፣ እርስ በርስ የተደራረቡ ስስ የብረት ክንፎች ሲጠብቡና ሲሰፉ የሚያንስና የሚተልቅ ነው። ቀዳዳው በከፊል በጠበበ ጊዜ፣ ከትኩረቱ ውጭ በሩቅ ያለ መብራት በምስሉ ላይ የክንፎቹን ቁጥር የሚያህል ጎን ያለው ቅርጽ ሆኖ ይወጣል፤ ስድስት ክንፍ ባለ ስድስት ጎን፣ ስምንት ክንፍ ባለ ስምንት ጎን ይሠራል። ፀሐይ ወይም የመንገድ መብራት ጨረር ሲረጭም እንዲሁ ነው፤ የክንፎቹ ቁጥር ሙሉ ከሆነ የጨረሮቹ ቁጥር ከእርሱ ጋር እኩል ይሆናል፣ ጎዶሎ ከሆነ ግን እጥፍ ይሆናል። ይህ ዘዴ የሠሪውን ስም አይነግርም፣ ይሁን እንጂ ብዙ ተጠርጣሪ ሌንሶችን ከዝርዝር ያስወጣል፤ ለቤተ መዛግብት ሠራተኛም ከስም ግምት የበለጠ የሚታመን ነው።

ሌንሱ በእጅ ላይ ካለ ምርመራው የሚጀምረው ከፊት መስታወቱ ዙሪያ ከተቀረጸው ጽሑፍ ነው። የሶቪየቱ ሄሊዮስ 44-2 ለዚህ ጥሩ መማሪያ ነው። በቀለበቱ ላይ 2/58 የሚል ይነበባል፤ 58 የትኩረት ርዝመቱ በሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 2 ደግሞ ያ ርዝመት ለሰፊው የብርሃን ቀዳዳ ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ባነሰ መጠን የሚገባው ብርሃን ይበዛል። ከጎኑ ያለው ትንሽ አርማ ፋብሪካውን ይለያል፤ ጨረር የሚያልፍበት ፕሪዝም ከሆነ ከሞስኮ አጠገብ ያለው የክራስኖጎርስክ ፋብሪካ ሥራ ነው፣ ይሁንና ያው ሌንስ በቫልዳይና በሚንስክም ስለተሠራ አርማውን ሳያዩ «ሄሊዮስ ነው» ማለት ግማሽ መልስ ነው። የተከታታይ ቁጥሩ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች በአብዛኛው የምርት ዓመቱን ይሰጣሉ፤ በ78 የሚጀምር ከ1978 ነው። የብርሃን ቀዳዳው የሚታዘዘው በሁለት ቀለበት ነው፤ በአንዱ የሚፈለገው ልክ አስቀድሞ ይቆለፋል፣ ሁለተኛው ከሰፊው እስከዚያ ልክ ድረስ ያለ ገደብ ይንሸራተታል፣ በዚህም ፎቶግራፍ አንሺው በሙሉ ብርሃን አተኩሮ፣ ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሣ ቀዳዳውን ያጠብባል። የሌንሱ ንድፍ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በጀርመን ከተማ በዬና ከተሠራው የዛይስ ኩባንያ ሌንስ፣ ከባዮታር፣ የተቀዳ ሲሆን፣ ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ከኋላ ያለውን ቅጠል እንደ አዙሪት የሚያስመስል ባሕርይው ነው። ነዳፊዎቹ ቢሰሙ ይደነቁ ነበር፤ አዙሪቱ ሊያስወግዱት ሲጥሩ የኖሩት ጉድለት እንጂ ያሰቡት ውበት አልነበረምና።

በጽሑፉ ላይ ያለ ስም ግን ሁልጊዜ በግልጽ አይናገርም። በ1945 የአሜሪካ ጦር ዬናን ለሶቪየት ከመልቀቁ በፊት የዛይስ ኩባንያን ዋና ዋና ባለሙያዎች ወደ ምዕራብ በመውሰዱ፣ እነርሱም በኦበርኮኸን ሌላ ዛይስ ስላቋቋሙ፣ አንድ ስም ሁለት ባለቤት አገኘና ክርክሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በዚህ የተነሣ የምሥራቁ ፋብሪካ ወደ ምዕራብ ገበያ በሚልካቸው ሌንሶች ላይ «ካርል ዛይስ» የሚለውን ትቶ «አውስ ዬና» ማለትም «ከዬና» ብቻ ይጽፍ፣ ቴሳር ለማለት «ቲ»፣ ሶናር ለማለት «ኤስ»፣ ባዮታር ለማለት «ቢ» የሚሉ ነጠላ ፊደሎችን ያስቀርጽ ነበር። ታሪኩን የማያውቅ ሻጭ ስም የለሽ ሌንስ ብሎ የሚጥለው ይህን ነው። በተቃራኒው ቪቪታር የሚል ጽሑፍ የትልቅ ፋብሪካ ስም ይመስላል፤ ኩባንያው ግን አሜሪካዊ ነጋዴ ነበር፣ ሌንሶቹን ያሠራ የነበረው በጃፓን ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ነው። እውነተኛው ሠሪ ያለው በተከታታይ ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ነው፤ 37 ቶኪና፣ 28 ኮሚኔ፣ 22 ኪኖ ማለት ሲሆን፣ አዋቂ ሰብሳቢ ከስሙ በፊት እነዚህን ቁጥሮች ያያል። ኒኮን ደግሞ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ኒኮር ከሚለው ስም ቀጥሎ በሚያስቀምጠው ፊደል የመስታወቶቹን ብዛት ይናገር ነበር፤ ፊደሎቹ ከግሪክና ከላቲን የቁጥር ስሞች የተወሰዱ ናቸውና «ፒ» አምስት፣ «ኤች» ስድስት፣ «ኤስ» ሰባት ነው፤ «ሲ» ከተከተለ መስታወቱ ነጸብራቅን የሚቀንስ ስስ ቅብ አለው ማለት ነው።

ከጽሑፉ ይልቅ ሊዋሽ የማይችለው የሌንሱ ጀርባ ነው። ሌንስ ከካሜራ ጋር የሚያያዝበት ክፍል በባለሙያ አጠራር ማውንት ሲባል፣ በዚህ ጽሑፍ «የመግጠሚያ አፍ» ተብሏል። አፉ ወይ እንደ ብሎን ጥርስ ኖሮት እየዞረ ይጠብቃል፣ ወይ ሦስት ከንፈር ኖሮት በሩብ ዙር ያህል ተጠምዝዞ ይቆለፋል። ጥርሰኛ ከሆኑት እጅግ የተስፋፋው ኤም 42 የሚባለው ነው፤ ስፋቱ 42 ሚሊ ሜትር፣ በሁለት ጥርሶች መካከል ያለው ርቀት 1 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከ1949 ጀምሮ በምሥራቅ ጀርመኖቹ ኮንታክስ ኤስና ፕራክቲካ፣ በኋላም በሶቪየቱ ዘኒትና በጃፓኑ ፔንታክስ ላይ አገልግሏል። ከዚህ ጋር የሚሄደው ሁለተኛው ቃል «የመቀመጫ ርቀት» ነው፤ ከመግጠሚያው አፍ እስከ ፊልሙ ወይም እስከ ዲጂታሉ ሴንሰር ድረስ ያለው ልክ ማለት ነው። ይህ ልክ በኤም 42 45.46፣ በኒኮን ኤፍ 46.5፣ በካኖን ኢኦኤስ 44፣ በውስጣቸው አንጸባራቂ መስታወት ስለሌለ መስታወት አልባ በሚባሉት የሶኒ ካሜራዎች ደግሞ 18 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከቁጥሮቹ የሚከተለው ነገር ቀላል ሆኖ ብዙ ገዢ የሚሳሳትበት ነው፤ የኤም 42 አፍ ያለው ሄሊዮስ በሶኒ ላይ 27.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው አዳፕተር ተቀምጦ በሩቅም በቅርብም በደንብ ሲያተኩር፣ በኒኮን ኤፍ ላይ ግን ካሜራው ራሱ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚረዝምበት በሩቅ ያለውን ተራራ ፈጽሞ አያጠራም። ስለዚህ የአሮጌ ሌንስ ዋጋ ዳግም የተነሣው በናፍቆት ብቻ ሳይሆን፣ ከ2008 ወዲህ መስታወት አልባ ካሜራዎች ይህን ርቀት ስላሳጠሩት ጭምር ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ የዘመኑ የፖለቲካ አሰላለፍ በመግጠሚያ አፍ ላይ ሳይቀር ሊታይ ይችላል። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ የሠራው የአርመን ተወላጁ የቦያጂያን ቤተሰብም ሆነ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያገለገለው ሽመልስ ደስታ በእጅ ያተኩሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። በደርግ ዘመን ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ለትምህርት የሄዱት ዘኒትና ፕራክቲካ ወደሚመረቱባቸው አገሮች ስለሆነ፣ በአንድ የአዲስ አበባ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ኤም 42 ጥርስ ያለው ሌንስ ቢገኝ አያስገርምም። ይህ ዕቃ ለቆራሌው ተሰጥቶ ምናለሽ ተራ ከተባለው ገበያ ከደረሰ የሚታየው እንደ ብረት ነው፤ ማን እንዳነሣበት፣ ምን እንደተነሣበት የሚያውቅ ሰው ቢኖር እንኳ ዕውቀቱ በዚያው ይቀራል።

ለይቶ ማወቅ ጤንነትን መመርመርንም ይጨምራል፣ እዚህ ላይ ደግሞ የአገር አየር ይገባበታል። ካምፓላ በቪክቶሪያ ሐይቅ አጠገብ፣ በዓመት ሁለት የዝናብ ወራት የሚፈራረቁባት እርጥብ ከተማ ስትሆን፣ የካምዎክያ የታችኛው ክፍል ደግሞ ዝናብ በጣለ ቁጥር ውኃ የሚተኛበት ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ በቆዳ ቦርሳ ተዘግቶ የቆየ ሌንስ ሻጋታ ይይዛል። ሻጋታው የሚታየው ሁለቱም ክዳኖች ተነሥተው፣ ቀዳዳው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ ከኋላ በባትሪ ሲበራበት ነው፤ ከመስታወቱ ጠርዝ ወደ መካከል የሚዘረጋ የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ይወጣል። ገና ከሆነ ጠጋኝ ፈቶ ሊያጠራው ይችላል፤ ከቆየ ግን የሚያመነጨው አሲድ ቅቡንና መስታወቱን ስለሚበላ ሻጋታው ሞቶም ጠባሳው አይለቅም። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው አዲስ አበባ በበጋ ደረቅ ብትሆንም በክረምት ወራት ከዚህ ሥጋት ነፃ አይደለችም፤ መፍትሔውም ቆዳውን አስወግዶ ሌንሱን እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር በጥብቅ ዕቃ ውስጥ ማኖር ነው።

ከሻጋታ ጋር የሚምታታ ሌላ ምልክት አለ። አንዳንድ የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ሌንሶች፣ ለምሳሌ ሰባት መስታወት ያለው ሱፐር ታኩማር 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4፣ የብርሃንን መታጠፍ ለመጨመር ቶሪየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የተቀላቀለበት መስታወት ስላላቸው፣ ከዓመታት በኋላ እንደ ሻይ ይቀላሉ። ይህ እርጅና እንጂ በሽታ አይደለም፤ ሌንሱ ለሳምንታት ፀሐይ ቢሞቅ የአልትራ ቫዮሌት ጨረሩ ቀለሙን በእጅጉ ያነጣዋል። ነገር ግን ያው ፀሐይ በትኩረት ቀለበቱ ጥርሶች መካከል ያለውን ቅባት አቅልጦ ወደ ክንፎቹ ሊያወርደው ስለሚችል፣ ቅባት የነካው ክንፍም ሲጫኑት ወዲያው ከመዘጋት ይልቅ እየተንቀራፈፈ ስለሚመጣ፣ ልምድ ያላቸው ሰብሳቢዎች ከፀሐይ ይልቅ ሙቀት የማይሰጥ የአልትራ ቫዮሌት አምፖል ይመርጣሉ፤ ፀሐይ ላይ ማኖር የግድ ከሆነም ሌንሱ ጨረር ሰብስቦ እሳት እንዳያስነሣ ከኋላው በአሉሚኒየም ወረቀት ይሸፍኑታል።