ያልታየው የኢንሱሊን እኩሌታ

በ1934 ዓ.ም. የኦክስፎርዱ የኬሚስትሪ ሊቅ ሮበርት ሮቢንሰን ጥቂት ደቃቅ የኢንሱሊን ክሪስታሎች ለአንዲት የ24 ዓመት ተመራማሪ ሰጡ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተቀባይዋ ካይሮ ውስጥ የተወለዱት ዶሮቲ ክሮውፉት፣ ኋላ በባለቤታቸው ስም ሆጅኪን ተብለው የታወቁት ነበሩ። ክሪስታሎቹን በዝግታ አሳድገው በኤክስሬይ ፎቶግራፍ አነሷቸው። ፊልሙ ማታ ታጥቦ ጥቃቅን ነጥቦች በረድፍ በረድፍ ሲወጡበት ያደረባቸው ደስታ በሕይወታቸው ካገኙት ሁሉ የበለጠ ሳይሆን እንዳልቀረ ከብዙ ዓመት በኋላ ተናግረዋል። ውጤቱ በ1935 ታተመ። ፎቶግራፉ ግን መልስ አልነበረም፤ ለጥያቄው መልስ ሊገኝ እንደሚችል ብቻ የሚያመለክት ነበር። መልሱ የተገኘው ከ34 ዓመት በኋላ፣ በ1969 ነው።

በመካከሉ የነበረውን ዘመን ሌሎች አላባከኑትም። ኢንሱሊን በ1921 በቶሮንቶ ከቆሽት ተለይቶ በ1922 መጀመሪያ ለስኳር ሕሙማን መሰጠት ከጀመረ በኋላ፣ አቤል በ1926 በክሪስታል መልክ አገኙት፤ ስኮትም በ1934 ክሪስታሉ ዚንክ እንደሚያስፈልገው አሳዩ። ፍሬድሪክ ሳንገር እስከ 1955 ባለው ጊዜ የአሚኖ አሲዶቹን ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ዘርዝረው ጨረሱ። በዚህም መሠረት ሞሌኪውሉ ሁለት ሰንሰለት አለው፤ ኤ የተባለው 21፣ ቢ የተባለው 30፣ በድምሩ 51 አሚኖ አሲዶች ይዘዋል። ነገር ግን ቅደም ተከተል ቅርጽ አይደለም።

ቅርጹ በ1969 በሆጅኪንና በባልደረቦቻቸው ሲገለጥ፣ ስድስት የኢንሱሊን ሞሌኪውሎች በሁለት የዚንክ አቶሞች ዙሪያ ተሰብስበው ታዩ። እያንዳንዱን ዚንክ ቢ10 ላይ ያሉ ሦስት ሂስቲዲኖች ይይዙታል። የቤይጂንግ ተመራማሪዎችም በ1971 የራሳቸውን ካርታ አወጡ፤ ሆጅኪን ወደዚያው ተጉዘው ሁለቱን ካርታዎች ካስተያዩ በኋላ የቻይኖቹን ሥራ ለዓለም ለማስታወቅ ወደኋላ አላሉም። ከሆጅኪን ጋር ሲሠሩ የቆዩት ጋይ ዶድሰን ደግሞ በዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሥራውን ቀጥለው፣ ከብዙ ባልደረቦች ጋር በ1988 የአሳማን ኢንሱሊን እስከ 1.5 አንግስትሮም በሚደርስ ዝርዝር አሳተሙ። አንድ አንግስትሮም የሚሊሜትር ዐሥር ሚሊዮንኛ ነው።

ይህን ያህል ከተደረሰ ሌላ ምን ቀረ ቢባል፣ የቀረው ከአቶሞቹ እኩሌታ የሚጠጋ ነበር። ኤክስሬይ የሚበተነው በኤሌክትሮኖች ነው፤ ሃይድሮጂን ደግሞ ያለው አንድ ኤሌክትሮን ብቻ በመሆኑ በካርቦንና በኦክሲጅን ጎን ሲቆም አይለይም። የአሳማ ኢንሱሊን አንድ ሞሌኪውል 784 አቶሞች ሲኖሩት፣ ከእነዚህ 381 ሃይድሮጂን ናቸው። የኤክስሬይ ሊቃውንት ሃይድሮጂኖቹን በካርታቸው ላይ ያኖሩ የነበረው አይተው ሳይሆን ከኬሚስትሪ ሕግ በመነሣት ነው። ነገሩ ከአማርኛ ጽሕፈት ጋር ይመሳሰላል፤ «ገና» ተብሎ ሲጻፍ በዓሉ ይሁን «እስካሁን» ማለት፣ ፊደሉ ሳይሆን አንባቢው ከዐውዱ አጥብቆ ወይም አላልቶ ይወስናል። አብዛኛውን ጊዜ አይስትም። በፕሮቲን ውስጥ ግን ሥራው የሚሠራው ብዙ ጊዜ ዐውዱ ግልጽ ባልሆነበት ቦታ ነው፤ አንድ አሲድ ሃይድሮጂኑን ይዟል ወይስ ለቅቋል የሚለው ጥያቄ ኤሌክትሪካዊ ጠባዩን ይወስናልና።

ኒውትሮን የሚበተነው በኤሌክትሮን ሳይሆን በአቶሙ ኒውክሊየስ ነው። ቻድዊክ ቅንጣቱን በ1932 ካገኙት በኋላ፣ ዎላንና ሸል ከ1946 ጀምሮ በአሜሪካ በኦክ ሪጅ ሪአክተር የኒውትሮንን መበተን ለቁስ አካል ጥናት አዋሉት፤ ሸል በ1994 የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ ዎላን ካረፉ ዐሥር ዓመት ሆኗቸው ነበር። የመበተን ኃይሉ በፌምቶሜትር ሲለካ ለካርቦን 6.65፣ ለዶይቴሪየም ማለትም ለከባዱ ሃይድሮጂን 6.67 ነው። ለተራው ሃይድሮጂን ግን ከዜሮ በታች 3.74 ሲሆን፣ በካርታው ላይ እንደ ጉድጓድ ይታያል። ከዚህም የተነሣ ክሪስታሉ የተቀመጠበት ውሃ በከባድ ውሃ ሲተካ፣ ከናይትሮጂንና ከኦክሲጅን ጋር የተያያዙት ሃይድሮጂኖች በዶይቴሪየም ይለወጡና እንደ ካርቦን ጎልተው ይወጣሉ፤ ተራው ሃይድሮጂን በፊልሙ ላይ የሚያመጣው ብዥታም ይቀንሳል።

ዘዴው ያማረ ቢሆንም ዋጋው ከባድ ነው። የሪአክተር የኒውትሮን ጨረር ከኤክስሬይ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ደካማ በመሆኑ፣ ለኤክስሬይ ከሚበቃው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ክሪስታልና የሳምንታት ትዕግሥት ይጠይቃል። በኒውትሮን የተጠናው የመጀመሪያው ፕሮቲን የሾንቦርን ማዮግሎቢን ሲሆን፣ የታተመውም የሆጅኪን ኢንሱሊን በወጣበት በዚያው በ1969 ነው። የኢንሱሊን ተራ የደረሰው ከ20 ዓመት በኋላ ነበር።

አሌክሳንደር ቭሎዳቨር፣ ሂዩ ሳቬጅና ጋይ ዶድሰን ሥራቸውን በ1989 አሳተሙ። የተጠቀሙት በአንድ ክሪስታል ብቻ ነው፤ ፈሳሹን ቀስ በቀስ በከባድ ውሃ ለውጠው እስከ 2.2 አንግስትሮም የሚደርስ የኒውትሮን መረጃ ሰበሰቡ። ይህ ብቻውን አይበቃም ነበር። ሃይድሮጂኖቹ ሲታከሉ የሚፈለጉት አድራሻዎች እጥፍ ሊሆኑ ይቀርባሉ፣ መረጃው ግን አይጨምርም። ስለዚህ ከ1.5 አንግስትሮሙ የኤክስሬይ መረጃ ጋር አጣምረው አንዱን በሌላው አረሙት። የኒውትሮን መረጃ በዚህ ደረጃ ለብቻው ሲቆም ጥቅሙ የተወሰነ መሆኑን ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ሳይሸሽጉ መጻፋቸው ለሥራው ክብር የሚጨምር ነው።

ከውጤቶቹ ሁሉ የሚበልጠው አንድ ያልተገኘ ነገር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቢ13 ላይ ያለው ግሉታሚክ አሲድ በስድስቱ ሞሌኪውሎች ስብስብ መካከል ከጎረቤት ሞሌኪውል አቻው ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ሁለቱም ሃይድሮጂናቸውን ለቅቀው አሉታዊ ቢሆኑ ሊገፋፉ ይገባል፤ ተቀራርበው በመታየታቸው ግን በመካከላቸው አንድ ሃይድሮጂን ገብቶ አስተሳስሯቸዋል ተብሎ ተገምቶ ነበር። ግምቱ ከኬሚስትሪ አንጻር እንከን አልነበረበትም። በኒውትሮኑ ካርታ ላይ ግን በዚያ ቦታ ዶይቴሪየም አልተገኘም። መቀራረባቸው እንግዲህ የሃይድሮጂን ትስስር አይመስልም።

ይህ ለመድኃኒት ባለሙያ ተራ ዝርዝር አይደለም። ከቆዳ ሥር የተወጋ ኢንሱሊን ወደ ደም ገብቶ እንዲሠራ ስድስቱ ተበታትነው ነጠላ መሆን አለባቸው፤ ስብስቡን ምን እንደሚያጸናውና ምን እንደሚያላላው ማወቅ የመድኃኒቱን ፍጥነት ማወቅ ነው። በ1992 ቤንትሊና ባልደረቦቻቸው ቢ13ን ኤሌክትሪካዊ ሙላት በሌለው በግሉታሚን የተካ ኢንሱሊን አጥንተው አሳተሙ፤ ይህም ኢንሱሊን ዚንክ ሳይኖር እንኳ በስድስት መሰብሰብ የሚችል ነው። ተፈጥሮ በዚያ ቦታ ያኖረችው አሲድ ስብስቡን የሚያላላ እንጂ የሚያጠብቅ አለመሆኑን ይህ ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። ከ1996 ጀምሮ ለሕሙማን የቀረበው ሊስፕሮ የተባለው ፈጣን ኢንሱሊንም ቢ28ና ቢ29ን በማቀያየር የተሠራው ስብስቡ በቶሎ እንዲፈታ ነው።

የ1989ኙ ጥናት ሌላም ነገር አሳየ። በቢ ሰንሰለት ጥምዝ ክፍል መካከል ያሉ አንዳንድ ሃይድሮጂኖች ከከባዱ ውሃ ጋር ሳይለዋወጡ ቀርተዋል፤ ውሃው ያልደረሰበት፣ ሞሌኪውሉም ያልተነቃነቀበት ቦታ በዚህ ይታወቃል።

ከዚያ ወዲህ ሥራውን የያዙት በቶካይ ሪአክተር የሚሠሩ የጃፓን ተመራማሪዎች ናቸው። ኩብ ቅርጽ ያለውን የአሳማ ኢንሱሊን ክሪስታል አሳድገው፣ በ2004 በፒዲ 9፣ በ2008 ደግሞ በፒዲ 6.6 የተገኘውን ቅርጽ አሳተሙ፤ ፒዲ በከባድ ውሃ ውስጥ የፒኤች አቻ ነው። ዋነኛ ጥያቄያቸው ቢ5 ላይ ያለው ሂስቲዲንና ሆጅኪን በ1969 ዚንኩን ይዞ ያዩት የቢ10 ሂስቲዲን በእያንዳንዱ ፈሳሽ ውስጥ ሃይድሮጂናቸውን በየትኛው ናይትሮጂን ላይ እንደሚይዙ ነበር።